ያርድ ሴል ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ልንሸጥ ነው፤ የአምናው ሞቆብን ነበር

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ሰፈራችን በዓመት አንድ ቅዳሜ ሁሉም ሰው በአንድ ላይ ያርድ ሴል ያወጣል። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገበያ ይሆናል። አምና አሮጌ ዕቃችንን ዘረጋንና ጎን ለጎን ውሃና ሶዳ አቀረብን። ሐሳቡ የልጄ ነው። አሁን 11 ዓመቷ ነው፤ ሳይክል መግዣ እያጠራቀመች ነው።

ውጤቱን ልንገራችሁ? ዘጠኝ ውሃ ሸጥን። ዘጠኝ! ጠዋት አንድ ከረጢት በረዶ ገዝቼ ኩለሩ (መጠጥ ማቀዝቀዣ ሳጥኑ) ላይ ከላይ አፈሰስኩበት። በፈረንጅ አስር ሰዓት ሲሆን በረዶው አልቆ ውሃው ለብ ብሏል። አንድ ሽማግሌ ከፍተው ቀመሱና "ሻይ ነው እንዴ የምትሸጡት?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ልጄ ግን አልሳቀችም።

የዘንድሮው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። በረዶ ስንት ይበቃል? ዋጋ ስንት ልበል? ፈቃድ የሚባል ነገርስ አለ? ደግሞ ባለቤቴ "ልጅቷን ሱቅ በደረቴ ልታደርጊያት ነው?" እያለ ያላግጥብኛል። እሱንም መልስ ስጡልኝ።

አቃቂ ነኝ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ፣ ያርድ ሴል ምንድነው? ያገለገለ ዕቃ ደጅ ላይ ዘርግቶ መሸጥ ነው? እዚያ ቁራሌው አይመጣም እንዴ?

የሁለት ልጆች እናት

ቁራሌው ቢኖርማ በገላገለኝ! እዚህ የጠበበ ልብስ፣ ያረጀ ወንበር፣ የልጅ መጫወቻ፣ ያልተነበበ መጽሐፍ ሣሩ ላይ ትዘረጋለህ። ሰው በመኪና እየዞረ ያያል። ሁለት ዶላር ያልከውን ተከራክሮ በአንድ ይወስዳል። ሰልባጅ ተራ በለው፤ ልዩነቱ ሻጩ ልብሱን ራሱ ሲለብሰው የነበረ መሆኑ ነው።

ጋሽ ግሮሰሪ (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ጥፋትሽ ሁለት ነው። ያልቀዘቀዘ ውሃ በረዶ ውስጥ ከተትሽ። በረዶውንም ከላይ ብቻ አፈሰስሽው። እኔ ግሮሰሪ ውስጥ 14 ዓመት ስሠራ ከበረዶ ጋር ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ አራት ሊትር ያህል ውሃ ከ25 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ያወርዳል። ያውም ኩለሩ ከውጭ ምንም ሙቀት ካላስገባ ነው። አርባ ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዘሽ ነበር እንበል፤ ስንት ነው? 20 ሊትር። እሱን ለማቀዝቀዝ ብቻ አምስት ኪሎ በረዶ ይሄዳል። ሱቅ የሚሸጠው ባለ 10 ፓውንድ ከረጢት ደግሞ አራት ኪሎ ተኩል ነው። ስለዚህ በረዶሽ ገና ማቀዝቀዙን ሳይጨርስ ነው ያለቀው። ቀኑን ሙሉ አቀዝቅዞ ለማቆየት ምንም አልተረፈሽም።

ዘዴው ውሃውንና ሶዳውን ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ቀዝቅዞ ከወጣ የበረዶው ሥራ መጠበቅ ብቻ ይሆናል። ስትደረድሪ ከታች በረዶ፣ ከዚያ ጠርሙስ፣ ከዚያ እንደገና በረዶ። መጨረሻ ላይ ብዙ ሰው የማያደርገውን አድርጊ፤ ሁለት ጆግ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሪበት። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን እዚህም እዚያም ነው የሚነካው፤ መሃል ላይ አየር አለ። ውሃ ሲገባ ግን ጠርሙሱን ዙሪያውን ይይዘዋል። የቀለጠውንም ውሃ አትድፊው፤ እሱም ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሲደፋ ልብ ይሰብራል።

ሌላም አለ። የወተት ጋሎን እጠቢና ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። እስከ አፉ አትሙዪው። ውሃ በረዶ ሲሆን ዘጠኝ በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ይፈነዳብሻል። ትልቅ በረዶ ከደቃቁ ዘግይቶ ነው የሚቀልጠው። ሁለት ጋሎን ኩለሩ ሥር ቢቀመጥ አንድ ከረጢት ግዢ ያስቀርልሻል።

ጨውም ይረዳል። ፍሪጅ ያልገባ ሶዳ በድንገት ማቀዝቀዝ ካስፈለገ፣ በባልዲ በረዶና ውሃ አድርገሽ ሁለት እፍኝ ጨው በትኚበት። ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በደቂቃዎች ጥርስ የሚያንገጫግጭ ይሆንልሻል። በትልቁ ኩለር ላይ ግን እንዳትሞክሪው፤ በረዶውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ደግሞ አለቅልቀሽ ስጪ፤ አለዚያ የጠርሙሱ አፍ ጨው ጨው ይላል።

የከዚራ ልጅ (ዴንቨር)

ጋሼ፣ ፊዚክስ አስተማሪዬ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ አልወድቅም ነበር።

እኛ ድሬዳዋ እያለን ፍሪጅ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። እናቴ ውሃ በትናንሽ ፌስታል እያሰረች ጎረቤት ፍሪዘር ታስገባለች። በረዶ ሲሆን እኔ በባልዲ ይዤ እወጣለሁ። ባልዲው ላይ በውሃ የራሰ ጆንያ ጣል አድርጌ ነበር የምዞረው። ጆንያው እየደረቀ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ይቀዘቅዛል። እኔ እስካሁን ካምፒንግ ስወጣ ኩለሬ ላይ እርጥብ ፎጣ አለብሳለሁ፤ ይሠራል። አንቺም ሞክሪው።

ጋሽ ግሮሰሪ

የከዚራው፣ አንተ ዘንድ ይሠራል፤ እሷ ዘንድ ግን ብዙም አይሠራም። ጆንያው የሚያቀዘቅዘው ውሃው ሲተን ነው። ዴንቨር አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፎጣው ቶሎ ይደርቃል። እኛ ዋሽንግተን አካባቢ ሐምሌ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ፎጣ ነው። የታጠበ ልብስ እንኳ ውጭ ተሰጥቶ አይደርቅም። ለእሷ ነጭ አንሶላና ጥላ ይሻላታል። ኩለሩ አስፋልት ላይ እንዳይቀመጥ፤ አስፋልት ምጣድ ነው።

ማር እስከ ጧፍ (ሚኒያፖሊስ)

ውሃና ሶዳ ሁሉም ጋር አለ እኮ! ለምን የራሳችንን አትሸጪም? ብርዝ አዘጋጂ። ካርካዴ አፍልተሽ፣ በስኳርና በሎሚ አድርገሽ፣ አቀዝቅዢው። ቀለሙ ብቻውን ሰው ይጠራል። ፈረንጅ "ይሄ ቀዩ ምንድነው?" ብሎ መቆሙ አይቀርም። ከቆመ ደግሞ ወንበርሽንም ያያል።

ወረቀት አንባቢ (ጌይዘርስበርግ)

ካርካዴው ያጓጓል፤ ግን ፈቃድ ላይ ያለውን ነገር ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። በፈረንጅ 2011 እዚሁ የእኛው አስተዳደር፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ቤቴስዳ ላይ፣ የዩኤስ ኦፕን ጎልፍ ውድድር ነበር። ልጆች ከሜዳው አጠገብ ሎሚናት (በስኳር የተበጠበጠ የሎሚ መጠጥ) ዘርግተው ሸጡ፤ ገንዘቡ ካንሰር ለታመሙ ሕፃናት መርጃ ነበር። የካውንቲው ተቆጣጣሪ መጥቶ ለወላጆች የ500 ዶላር ቅጣት ጻፈባቸው። ነገሩ በቴሌቪዥን ሲወጣ አገር ጉድ አለ። ቅጣቱ ተነሳ፤ ልጆቹም ትንሽ ራቅ ብለው እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው።

እህታችን በገዛ ግቢዋ፣ በዓመት አንድ ቀን ነው የምትሸጠው። ማንም ላይመጣ ይችላል። ቢሆንም ወደ ካውንቲው የመረጃ ስልክ፣ 311፣ ደውሎ መጠየቅ ነጻ ነው፤ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። አንድ ነገር ግን ለዪ። ፋብሪካ አሽጎ የሸጠው ጠርሙስ እና ቤት ተበጥብጦ በኩባያ የሚቀዳው በጤና ቢሮ ዓይን አንድ አይደሉም። የታሸገው ቀለል ይላል። በኩባያ የሚቀዳው ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ የውሃው ምንጭ፣ በረዶው በምን ተዛቀ የሚል ጥያቄ ይመጣል። እና በእግዚአብሔር፣ ጠርሙስ ያቀዘቀዘውን በረዶ ኩባያ ውስጥ እንዳትጨምሩት። ስንት እጅ ገብቶበታል መሰላችሁ።

ጋርላንድ ሠፈሬ (ቴክሳስ)

እኛ ጋ ተገላግለናል። ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ቴክሳስ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በግል ግቢ ወይም በፓርክ አልፎ አልፎ ሎሚናትና አልኮል የሌለው መጠጥ ቢሸጥ ከተማው ሊከለክለው አይችልም። ሕግ ወጥቶበታል። ዩታም ከእኛ በፊት፣ በ2017፣ ለልጆች ንግድ ፈቃድ እንዳይጠየቅ አድርጋለች። የሎሚናት ሕግ! አገሩ ሥራ ፈትቷል ብላችሁ ሳቁ፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ቆሎ ተራ (ቶሮንቶ)

ስለ ሱቅ በደረቴው ልናገር፤ ማንም አልመለሰላትም።

እኔ በልጅነቴ ቆሎ ሸጫለሁ። ጨዋታ አልነበረም። ካልሸጥኩ ማታ ቤት የሚበላ አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ በመጀመሪያ የምሸፍነው ቆሎውን ነው፤ ከዚያ ራሴን። እና አሁን እዚህ የዶክተር ልጅ ሎሚናት ዘርግታ ሰው ሁሉ "እንዴት ታምራለች" ሲላት የሆነ ነገር ሆዴን ይቆርጠኛል። እኔን ማንም እንደዚያ ያለኝ የለም። "ዞር በል" ነበር የምባለው። ስለዚህ ባለቤትሽ ሲቀልድ ከቀልዱ ሥር ያለው ነገር ይገባኛል። አትቆጪው።

ልጅቷ ግን ትሽጥ። የእኔም ልጆች ሸጠዋል። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ነው ያየኋቸው።

የሁለት ልጆች እናት

ቆሎ ተራ፣ ይህን ማታ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም አለ። ቆይቶ "እኔ ማስቲካና ሶፍት ነበር" አለኝ። አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ነግሮኝ አያውቅም።

ሌላ አልጨምርም። ስለ ዋጋው ንገሩኝ።

ዝርዝር የለኝም (አትላንታ)

ዋጋ የእኔ ነው። በየዓመቱ እሸጣለሁ።

ሁሉም አንድ ዶላር። ውሃውም ሶዳውም። ሰባ አምስት ሳንቲም ምናምን ብለሽ ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲም) ስትቆጥሪ ሰው ያልፍሻል። ውሃውን በጅምላ፣ አርባውን አንድ ላይ ከኮስትኮ ብታነሺ አንዱ ከሃያ ሳንቲም በታች ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ውድ ሆነ ብለሽ አትጨነቂ። አርብ ባንክ ሄደሽ ሠላሳ ዶላር በባለ አንድ አንድ አዘርዝሪ። ያርድ ሴል የሚዞር ሰው ጠዋት ከማሽን ያወጣው ባለ ሃያ ነው በኪሱ ያለው። የመጀመሪያው ገዢ ባለ ሃያ ሰጥቶሽ ዝርዝር የለኝም ካልሽ፣ ውሃውን መልሶ ኩለሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በስልክ ገንዘብ ለሚልኩ፣ ለዜልና ለቬንሞ፣ ደግሞ አድራሻሽን በካርቶን ላይ በትልቁ ጻፊ።

ጽሑፉ ከመኪና ውስጥ መነበብ አለበት። "ቀዝቃዛ ውሃ፣ 1 ዶላር" ይበቃል። ልጄ ባለፈው ቢራቢሮ፣ አበባ፣ ፀሐይ ሥላ ስትጨርስ ዋጋ መጻፊያ ቦታ አልነበረም።

ጠረጴዛውን ዕቃሽ መሃል አትደብቂው። ሰው ሊወጣ ሲል፣ መኪናው ጋ ሊደርስ ሲል ነው የሚጠማው። የቆሻሻ ከረጢትም አንጠልጥዪ፤ አለዚያ ባዶ ሃይላንዱን ሲለቅሙ መዋል ነው። ሜሪላንድ እንደ ሚሺጋን ባዶ ጠርሙስ ስትመልሺ አሥር ሳንቲም አይሰጡሽም።

ጠዋት ቡና (ሲያትል)

አንድ ነገር ብቻ። በፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚመጣው ሰው ውሃ አይፈልግም። አይኑ ገና አልተገለጠም። ቡና ነው የሚፈልገው። ውሃ መሸጥ የሚጀምረው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በጠዋት አልተሸጠም ብለሽ ልብሽ እንዳይወድቅ፤ ኩለሩንም እየከፈታችሁ አትዩት። በከፈታችሁ ቁጥር በረዶው ይከፍላል።

ማር እስከ ጧፍ

ጠዋት ጀበና ቢጣድስ? የቡናው ሽታ ብቻ…

ወረቀት አንባቢ

ማር፣ እባክሽ።

የሁለት ልጆች እናት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ውጤቱን ልነግራችሁ መጣሁ። ወረፋ ይዛችሁ ስትጠብቁ እንደነበር በግል ከላካችሁልኝ መልእክት አይቻለሁ።

311 ደወልኩ። የታሸገ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ሌላ ቢሮ አገናኙኝ፤ የመለሰችልኝ ሴትዮ በትሕትና አስረድታኝ ጨረስን። እናንተ ግን የየራሳችሁን ካውንቲ ጠይቁ፤ በእኔ አትሂዱ።

ሐሙስ ማታ ፍሪጃችን ውስጥ ሌላ ነገር መግቢያ አጣ። ሽሮው ወጥቶ ባልኮኒ ላይ አደረ። ሁለት ጋሎን በረዶ ሠራሁ። አንዱን እስከ አፉ ሞልቼው ኖሮ ፈነዳ። (ጋሼ፣ ነግረውኝ ነበር፤ አውቃለሁ።) አርባ ውሃና ሃያ አራት ሶዳ ይዘን፣ በተባለው መሠረት በረዶ፣ ጠርሙስ፣ በረዶ ደረደርን፤ ውሃም ጨመርንበት። ኩለሩ የቼሪ ዛፉ ጥላ ሥር፣ ጣውላ ላይ ተቀመጠ።

በፈረንጅ ሰዓት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ተኩል የሸጥነው አራት ነው። ልጄ ፊቷ ጠቆረ። "ጠዋት ቡና" ያሉንን ነገርኳት፤ አላመነችኝም።

ከአሥር በኋላ ሙቀቱ 92 ፋራናይት (33 ሴልሺየስ ገደማ) ገባ። ያኔ ጀመረ። ያ የአምናው ሽማግሌ መጡ፤ ቀጥታ ወደ ኩለሩ። ልጄ አወቀቻቸው። ጠርሙሱን ሰጥታ ቆማ አየቻቸው። አንዴ ጎነጩና ግንባራቸውን ያዙ፤ ቅዝቃዜው ናላቸው ላይ ወጥቶ። "ይህ ሻይ አይደለም" አሏት። ሁለት ዶላር ሰጥተው መልስ አልተቀበሉም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ጠፋ። ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። የብርቱካን ካርቶን ቆርጦ፣ ውስጡን በፌስታል ለብጦ፣ በልጄ የድሮ ቦርሳ ማንገቻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ውስጡ በረዶና አሥር ውሃ። "ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት። "ገዢው ይመጣል፤ ሻጩን ማን ያጠጣው?" አለኝ።

እውነቱን ነው! በመንገዱ ላይ ሠላሳ የሚሆን ቤት ዕቃ ዘርግቷል። ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው፤ ጠረጴዛውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ሰውዬው ሱቅ በደረቴውን አንግቶ ከቤት ቤት ዞረ። ልጄ ሳንቲም ያዥ ሆና ከኋላ ከኋላው። ሦስት ጊዜ ተመልሰው ሞሉ። በእሱ በኩል ብቻ ሃያ ሦስት ሄደ። ይህን ምክር እዚህ ማንም አልሰጠኝም፤ እና ለሚቀጥለው ሰው እኔ እሰጣለሁ፦ ከገዢው ይልቅ ሻጩ ነው የሚጠማው።

ሒሳቡ ይኸው። ከአርባው ውሃ 37 ተሸጠ፤ ሦስቱን እኛው ጠጣን። ከሶዳው 15። ዳየቱ (ስኳር የሌለው) ነው የተረፈው። ሃምሳ ሁለት ዶላር፤ መልስ አንፈልግም ያሉት ስድስት ዶላር፤ በድምሩ 58። ወጪው ውሃ፣ ሶዳ፣ ሁለት ከረጢት በረዶ፣ 24 ዶላር። 34 ተረፋት። ሳይክሉ ገና ነው፤ ግን ቀርቧል።

ካርካዴም አፍልቼ ነበር። አልሸጥኩትም፤ ለሁለቱ አጎራባቾቻችን በጆግ ወሰድኩላቸው። (ወረቀት አንባቢ፣ ተረጋጋ።)

ያልጠበቅኩት ደግሞ፣ አምስት ሰው ጋዝ ያለው ውሃ ጠየቀን። ስኳር የሌለው፣ ጋዝ ያለው። እኔ የአምቦ አገር ሰው፣ አምቦ ውሃ ሳልይዝ ቆሜ "የለንም" እላለሁ!

ጋሽ ግሮሰሪ

ጋሎኑ መፈንዳቱ አሳዘነኝ። በረዶው መቼ አለቀ?

የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ፣ በፈረንጅ አንድ ሰዓት ስንዘጋ ያልፈነዳው ጋሎን ገና ግማሹ በረዶ ነበር።

ቆሎ ተራ

ባለቤትሽ አንገቱን አላመመውም? ማንገቻው ቀጭን ከሆነ ይቆርጣል። ሰፊ ጨርቅ ይጠቅልልበት።

የሁለት ልጆች እናት

ነገርኩት። "እሱ ሰውዬ ያውቃል" አለኝ።

አቃቂ ነኝ

አሮጌው ዕቃስ? ተሸጠ?

የሁለት ልጆች እናት

ወንበሩ አልተሸጠም። ሦስት ሰው ግን ኩለሩ ስንት ነው ብሎ ጠየቀን።